ሽማግሌ የተላከባት የባሕር ሴት

ዜውስ ጥቁር አዝሙድ ተጠቅልሎበት ሄደ። በአፖሎ ነጭ አዝሙድ፣ በአቴና ደግሞ ቅርንፉድ ተሸጠ። ለቀልድ አይደለም የምለው፤ መርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ወረድ ብሎ ባለችው የእናቴ የቅመም ሱቅ ውስጥ የሆነ ነው። ያኔ ፌስታል እንደ ዛሬው አልበዛም። በማንኪያ ለሚገዛ ሰው በወረቀት ነበር የሚጠቀለልለት። እናቴ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ትገዛለች፤ አንድ ገጽ ትገነጥልና በጣቶቿ ጠምዘዝ አድርጋ ጫፉን ታሾለዋለች፤ ቅመሙን ጨምራ አፉን ታጥፈዋለች። የተማሪ ደብተር፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የወደቀም ያለፈም የፈተና ወረቀት ሁሉ በእጇ አልፏል።

አንድ ጊዜ ከዚያ ክምር ውስጥ ሽፋን የሌለው ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወጣ። እናቴ እንደ ልማዷ ከፊት ጀምራ ስትገነጥለው ሰነበተች። እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ ልብ እስክለው ድረስ ታላላቆቹ የግሪክ አማልክት በሙሉ ወደየሰዉ ማድ ቤት ገብተው አልቀዋል። የተረፈው የመጽሐፉ ጀርባ ነበር፤ በየአንቀጹ ተጣብበው የቀሩት፣ ማንም የማያነሳቸው፣ ይልቁንም የባሕር ሴት አማልክት። ሌላው ሰው ከላይ ወደ ታች የሚማረውን እኔ ከታች ጀመርኩት ማለት ነው። ስለ ዜውስ ብትጠይቁኝ ዛሬም የማውቀው ሰው ያወራውን ብቻ ነው። ስለ ብሪዞ ግን ጠይቁኝ።

ብሪዞ ዴሎስ በሚባል ደሴት የሚኖሩ ሴቶች የሚለምኗት፣ መርከበኞችን የምትጠብቅ፣ ሕልም የምትፈታ ናት። ሴቶቹ በጀልባ ቅርጽ በተሠራ ሳህን ምግብ ያቀርቡላታል፤ ከዓሣ በስተቀር ያገኙትን ሁሉ። ዓሣ ለምን እንደማይቀርብ መጽሐፉ አይናገርም። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ባሏ ባሕር ላይ ያለ ሴት ነገ ባሏን ሊበላው የሚችለውን ነገር ሳህን ላይ አታስቀምጥም።

ሌውኮቴያም ነበረች። ሰው ሆና ተወልዳ፣ መከራ አባርሯት ከገደል ወደ ባሕር ከገባች በኋላ አምላክ የሆነች። ለሚሰጥም ሰው የራሷን ነጠላ ፈትታ ትሰጠዋለች። ዳር ሲደርስ ግን ፊቱን አዙሮ ነጠላዋን ወደ ባሕር እንዲጥልላት ታስጠነቅቀዋለች። ይቺን ሴት ከልቤ ወደድኳት። መርዳት ሌላ፣ ነጠላዬን ይዘህ መሄድ ሌላ። የመርካቶ ልጅ ትመስላለች።

እናቴ ነገሩን አልወደደችውም። እንግሊዝኛ ባታነብም ሥዕል ታያለችና፣ ራቁታቸውን የቆሙ ሐውልቶች ያሉበት ገጽ ሲገጥማት ሥዕሉን ወደ ውስጥ አዙራ ነበር የምትጠቀልለው። «ጾመኛ ሰው ቤት ገብቶ እንዳያሳፍረኝ» ትላለች። ከሁሉም የምታውቃት አርጤምስን ብቻ ነው፤ እሷንም ከሐዋርያት ሥራ።

«ጳውሎስን ያስቸገሩት ሰዎች ጣዖት አይደለችም እንዴ? እሷን ነው የምታጠኚው?»

«እሷ አልቃለች እማዬ። ትናንት ኮረሪማ ሸጥሽባት።»

«እሰይ! የቀሩትስ?»

«የባሕር ናቸው።»

«ባሕር በሌለው አገር የባሕር ጣዖት ምን ትሠራልሻለች?»

«አንቺስ ኮረሪማ የምትሸጪው ጫካው ስላለሽ ነው?»

በጥፊ ልትለኝ እጇን አነሳች፤ ከዚያ ሳቀችና የቀረውን መጽሐፍ ወደኔ ገፋችው። ግማሽ መጽሐፍ የወረስኩት እንዲህ ነው።

ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲቱ አላስተኛኝ አለች። አምፊትሪቴ ትባላለች። የኔሬዎስና የዶሪስ ልጅ ናት፤ እህቶቿ ሃምሳ ያህል ናቸው። አንድ ቀን ደሴት ላይ ከእህቶቿ ጋር ስትጨፍር የባሕሩ ጌታ ፖሰይዶን አያትና ሚስት ትሁነኝ አለ። እሷ እምቢታዋን በእግሯ ተናገረች፤ እስከ ባሕሩ ጫፍ ሸሸች። ብዙ ፈላጊ ተላከ፤ ያገኛት ግን ዶልፊን ነው። አጠገቧ ሆኖ አወራት፣ አግባባት፣ ተመለሰች፣ ተዳረች። ፖሰይዶንም ለዶልፊኑ ውለታ ሰማይ ላይ በኮከብ ምስሉን አስቀመጠለት።

እኔን ያበሸቀኝ ኮከቡ ነው። ለዶልፊኑ ኮከብ፣ ለሷስ? «የፖሰይዶን ሚስት»። ከዚያ በኋላ አንቀጹ ስለ ልጆቿ ያወራል። ዶልፊኑ ምን ብሎ እንዳሳመናት አንድ ቃል አልተጻፈም። ለፈረንጅ አንባቢ ምስጢር ሊሆንበት ይችላል፤ ለአገሬ ልጅ ግን ምን ምስጢር አለው? ዶልፊኑ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ የሚለውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ገጹን በምላጭ ቆርጬ ከሱቁ መዝጊያ በስተጀርባ ለጠፍኩት። መዝጊያው ሲከፈት ግድግዳ ላይ ስለሚያርፍ ማንም አያየውም። ማታ ስዘጋ ግን ፊት ለፊት እንገጣጠማለን።

ዓመታት አለፉ፤ የእናቴ እግር ማበጥ ጀመረ፤ ሱቁ በኔ እጅ ገባ። አባቴ በልጅነቴ ነው የሞተው። እናቴ ግን ሱቁ ውስጥ ዕድሜ ልኳን እየሠራች እስካሁንም «የእገሌ ባለቤት» ነው የምትባለው፤ ስሟን የሚያውቅ ነጋዴ ስፈልግ አጥቻለሁ። እኔን «የኮረሪማዋ ልጅ» ይሉኝ ነበር፤ ኋላ «የኮረሪማዋ» ብቻ ሆንኩ። ይቺን ስም በሰው ጥሪ ሳይሆን በጀርባ ሕመም ነው ያገኘኋት። ከጅማ ከሚመጣው ኮረሪማ ውስጥ ጢስ የነካውን በማሽተት ለይቼ እመልሳለሁ። አርባ ልደፍን ምንም ያህል አልቀረኝም። ባል አላገባሁም፤ ይህን ስጽፍ አላዝንም፣ አልኮራምም፣ ሆነና ነው።

ከኋላችን፣ ግድግዳ ተጋርቶን፣ ሚስቱ የሞተችበት ጅምላ አከፋፋይ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ለዕድር ቀድሞ ነው የሚያዋጣው። እኔን ለማግባት እንደሚፈልግ ግን ከማንም በፊት የነገረኝ ግድግዳው ነው። አንድ ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ለአፍታ ወጣ ብዬ ስመለስ ሰውዬው ውስጥ ገብቶ የጋራ ግድግዳችንን በሜትር ከጣሪያ እስከ ወለል እየለካ፣ በጠመኔ እያሰመረ አገኘሁት። «በር ቢከፈትበት እንዴት ይሆናል ብዬ ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ። በማግሥቱ አሳቡ የሱቆቹን ተራ ሁሉ አዳረሰ፤ እኔን አግብቶ፣ ግድግዳውን አፍርሶ፣ የኔን ሱቅ የእሱ መጋዘን ሊያደርገው ነው። «የኔ ሚስት አቧራ ላይ አትውልም» ማለቱን እንደ ትልቅ ደግነት የነገሩኝ ሰዎች አሉ። አቧራው ላይ ያደግኩት እኔ ነኝ። ማን ለመነው?

ከዚያ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ናቸው። አንዱ የሱ ታላቅ ወንድም፣ አንዱ የዕድራችን ዳኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ፣ እዚህ ላይ ነው ብልጠቱ፣ የአባቴ የልብ ጓደኛ። እኚህ ሰው አባቴ ከሞተ በኋላ እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ያደረሱኝ ናቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን በየዓመቱ ሰፍተው እናቴን ስመው ይሄዱ ነበር። አሁን አርጅተዋል፤ ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም። በዓለም ላይ እምቢ ልለው የማልፈልገው አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ ግልጽ ነበር፤ እሺ ካልኩ ሱቄን አጣለሁ፣ እምቢ ካልኩ እኚህን ሰው።

መጀመሪያ እሑድ ማለዳ ቤት መጡ። ድምፃቸውን ስሰማ በጓሮ ወጥቼ ራጉኤል ቅጥር ውስጥ ዋልኩ። እናቴ «ልጄ የለችም» ብላ መለሰቻቸው። ደግመው ሲመጡም ቀድሜ ሰምቼ ከሲኒማ ራስ ታክሲ ተሳፍሬ ጠፋሁ። ታክሲው ውስጥ ተቀምጬ አምፊትሪቴ ትዝ አለችኝና በራሴ ተናደድኩ። እሷም እንዲሁ ነበር የሸሸችው፤ የሸሸ ሰው ደግሞ ይገኛል። ሦስተኛ ጊዜ ከመጡ አልንቀሳቀስም አልኩ።

መጡ። ሱቅ ድረስ መጡ፤ ያውም በፋሲካ ገበያ! ቤት ስላጡኝ ሱቄን ጥዬ ልሸሽ የማልችልበትን ቀን መርጠው መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ተሳሳቱ። ሽማግሌ ደንብ አለው፤ «ተቀመጡ» ሲባል «የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም» ይላል። ሳሎን ቤት ይህ ያስፈራል፤ ሦስት ጋቢ የለበሱ አዛውንት መሐል ቤት ቆመው ሲጠብቁ ማን ጨክኖ ያስቆማቸዋል? የቅመም ሱቅ ውስጥ፣ በበዓል ዋዜማ፣ ቆሞ የሚታይ ሰው ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

«ተቀመጡ» አልኳቸው፣ በርጩማ እየሳብኩ። እናቴ ያን ቀን ኮረሪማ በመፈልፈል ልታግዘኝ መጥታ ጥግ ላይ አጭር ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ትፈለፍላለች።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ የዕድሩ ዳኛ።

«ይሰማል። ይናገሩ።»

ሊጀምሩ ሲሉ አንዲት ሴትዮ ገብታ ወደሳቸው ዞረች። «ጋሼ፣ ጥቁር አዝሙዱ እንዴት ነው?»

«እኔ እንኳ…» አሉ።

«የቆየ ነው እንዴ? ሽታ የለውም!» አለችና እፍኝ ዘግና አፍንጫቸው ሥር አደረገችው። ዳኛው አነጠሱ። እኔ መዘንኩላት፤ ስልኳን አውጥታ ብሩን ላከችና «ገባልሽ?» አለች፣ «ገባ» አልኩ፣ ሄደች። ሌላዋ ተተካች። ከፊት ለፊቴ ሳህን የምትሸጠው የስልጤ ጎረቤቴ በሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ወላሂ አንቺስ ጀግና ነሽ፣ ለበዓል ሦስት ሠራተኛ ቀጠርሽ?» አለችና ነገሩ ሲገባት አፏን በሻሿ ይዛ ሮጠች።

የሰውዬው ወንድም ቆጣ አሉ። «ሱቁን ዝጊና ስሚን እንጂ!»

«በፋሲካ ገበያ? ወንድምዎ ዘግቶ ነው የላካችሁ?»

እንዳልዘጋ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሚዛኑ ሲንኳኳ በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር።

ያኔ የአባቴ ጓደኛ ጀመሩ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ለስላሳ ነው። «ልጄ፣ ላስገድድሽ አልመጣሁም። አባትሽ ቢኖር የሚለውን ልልሽ ነው። ሰውዬው ደግ ነው። ደክመሻል፣ ነጋ ጠባ ጆንያ ትጎትቻለሽ። አንድ ቀን እኔም እናትሽም እንሄዳለን። ማን አለሽ? ቤት ይኑርሽ፣ ዕረፊ።»

ዕረፊ አሉኝ። እንባዬ መጣ። ዶልፊኑ ያላትን ያን ጊዜ ሰማሁ፤ መጽሐፉ የዘለለውን። አላስፈራራትም። አልዋሻትም። የሚወዳት አስመስሎም ሳይሆን እየወደዳት፣ ዕረፊ ነው ያላት። እንደዚህ ያለውን ቃል ማን ይመልሳል? ለዚህ ነው የተመለሰችው።

«ጋሼ» አልኩ፣ ሳፋውን አስቀምጬ። «ከአባቴ በኋላ አባቴ እርስዎ ነዎት። ግን እምቢ።»

«አስቢበት…»

«አስቤበታለሁ። ሰውዬውን አልጠላም። የፈለገው ግን ሚስት ከሆነ በሜትር ግድግዳ ምን ያስለካዋል?»

የዕድሩ ዳኛ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል፤ እሺ ሳትይ አንቀመጥም።»

«እንግዲያው ቁሙ!» አልኩ፤ ድምፄ ከራሴ ጠብቄው ከማላውቀው ቦታ ወጣ። «እኔም ቆሜ ነው የምውለው። እዚህ ባንኮኒ ኋላ ከልጅነቴ ጀምሮ ቆሜያለሁ። በመቆም አትበልጡኝም!»

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እነሱም ቆሙ። ገዥ ይገባል፣ ያልፋቸዋል፣ «ይቅርታ አባቶች» እያለ ይገፋቸዋል። እኔ እመዝናለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ዓይኔ ከአባቴ ጓደኛ ጉልበት ላይ አልተነሳም። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከዘራቸውን በሁለት እጅ ያዙ። በርጩማውን ወስጄ ከኋላቸው አደረግኩ። «ይቀመጡ ጋሼ፣ እሺ ማለቴ አይደለም፣ ለጉልበትዎ ነው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። መቀመጣቸው እሺታዬን እንደ መቀበል ነው፤ ያላልኩትን ብላለች እንዳይባል ደንቡን ጠበቁ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። እምቢታዬ አልለወጥ አለኝ፣ እሳቸውም ይወድቁብኛል። «እሺ» የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር።

ያን ጊዜ ከጥግ የኮረሪማ ሳፋ ወለል ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። እናቴ ተነሳች።

ብቻዋን መነሳት ካቆመች ቆይታ ነበር። ግድግዳውን ይዛ፣ ሰውዬው በጠመኔ ያሰመረበትን ቦታ በመዳፏ እየጠረገች ወጣችና በሦስቱ ፊት ቆመች። እግሯ ከጫማዋ በላይ አብጦ ይታያል።

«እኔም አልቀመጥም» አለች።

ሦስቱም በአንድ ድምፅ፣ «ኧረ እትዬ! ኧረ በማርያም ይቀመጡ!»

«እናንተ ቆማችሁ? ነውር ነው።»

«እኛማ ደንቡ ነው» አሉ የዕድሩ ዳኛ ግራ ተጋብተው።

«የኔም ደንብ ነው። ዛሬ ጀመርኩት።»

በሩ ላይ የነበሩት ገዥዎች ወደ ውስጥ ተጠጉ። ሦስቱ ሰዎች ረስተዋት ነበር። ጉዳዩን ለእኔ፣ ለአባቴ መንፈስ፣ ለዕድሩ፣ ለሁሉም ተናግረዋል፤ ጥግ ላይ የምትፈለፍለውን ሴትዮ ግን ከዕቃው ጋር ቆጥረዋታል።

«ለኔ ሽማግሌ ሲመጣ» አለች እናቴ፣ «ከመጋረጃ ኋላ ነበርኩ። አባቴ ‹ተቀመጡ› ሲል ሰማሁ። የኔ እሺታ እሱ ነው፤ በዚያው አለቀ። ባሌን አላማም፣ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። አንተም ታውቀዋለህ» አለች ወደ አባቴ ጓደኛ ዞራ። ከዚያ በፊት አንቱ እንጂ አንተ ብላቸው አታውቅም። «ግን ማንም አልጠየቀኝም። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ልጄ ግን ተጠየቀች። መለሰች። እምቢ አለች። ሰምታችኋል። እንግዲህ ወይ ተቀመጡ ወይ እኔ እዚሁ እወድቃለሁ።»

ጉልበቷ ሲከዳት አየሁና ልይዛት ተንደረደርኩ፤ በክንዷ መለሰችኝ።

የአባቴ ጓደኛ አዩዋት። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እሺ ሳይባሉ ከዘራቸውን ደገፍ አድርገው የኮረሪማ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። የዕድሩ ዳኛ በርጩማዋ ላይ አረፉ። የሰውዬው ወንድም በሩን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ በመጨረሻ የእርድ ጆንያ ላይ ተቀመጡ፤ ሲነሱ ጋቢያቸው ከኋላ ብጫ ሆኖ ነበር። እናቴ ሁሉም መቀመጣቸውን በዓይኗ አረጋግጣ ወደ ዱካዋ ተመለሰች። ሻይ አስመጣሁ። ስለ ዝናብ ተወራ። ሲወጡ የአባቴ ጓደኛ ግንባሬን ሳሙኝና «መልሱን አደርሳለሁ» አሉ። ለፋሲካ አልመጡም፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ግን መጡ፤ ኮረሪማ ገዙ፤ ዋጋ ተከራከሩ። እኔም ሳልቀንስላቸው ደስ አለኝ። ከእናቴ መዳፍ የተረፈውን ጠመኔ ከግድግዳው ላይ አላጠፋሁትም፤ መደርደሪያ መታሁበት።

ያ ዕለት ግን ገና አላበቃም። ገበያው ሲያልቅ መዝጊያውን ሳብኩ። የአምፊትሪቴ ገጽ ከተደበቀበት ወጣ። እናቴ እግሯን እያሸች በዓይኗ ተከተለችው።

«ያቺ ሽማግሌ ተላከባት ያልሽኝ የባሕሯ ሴትዮ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ሽማግሌው ሲመጣባት ምን አለች?»

«ተመለሰች። ተዳረች።»

እግሯን ማሸት ተወች። «እናት አልነበራትም?»

«ነበራት። ዶሪስ ትባላለች። አምላክ ናት እሷም።»

«ታዲያ ያን ጊዜ የት ነበረች?»

«መጽሐፉ አይልም። ስለሷ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ የማን ሚስት እንደሆነችና ስንት ልጅ እንደወለደች።»

እናቴ ክንዴን ይዛ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ መዝጊያው ጀርባ ያለውን ገጽ ሌላ ጊዜ አይታው እንደማታውቅ ተጠግታ አየችው።

«እኔ ሦስት ሽማግሌ አስቀምጫለሁ» አለች። «በይ ዝጊ፣ እግሬን አመመኝ።»